አንዲት ቅጠልና አንድ ሙሉ ደቂቃ

የልብ መድኃኒት የሆነውን ዲጎክሲን ለመስጠት ወደ ታማሚ አልጋ የቀረበች ነርስ፣ ክኒኑን ከማቀበሏ በፊት ማዳመጫዋን ግራ ደረቱ ላይ አሳርፋ የልቡን ምት አንድ ሙሉ ደቂቃ ትቆጥራለች። ታማሚው አዋቂ ከሆነና ቁጥሩ ከ60 በታች ከወረደ መድኃኒቱን ታቆየውና ለሐኪሙ ታሳውቃለች። ተማሪዎች ይህን ደንብ ለፈተና ይሸመድዱታል። ለምን 15 ሰከንድ ቆጥሮ በ4 ማባዛት እንደማይበቃ፣ ለምን እጅ አንጓ ላይ ሳይሆን ደረት ላይ እንደሚቆጠር፣ ለምን የፖታሲየምና የኩላሊት ምርመራ ውጤት አብሮ እንደሚታይ ግን ብዙ ጊዜ አይነገራቸውም። ለእያንዳንዱ ጥያቄ መልስ አለ። መልሶቹ የተገኙት በተለያየ ዘመን ነው፣ አንዳንዶቹም በሰው ሕይወት ዋጋ። መጠን፣ ክምችት፣ ከሰውነት መወገድ፣ የመድኃኒቶች መስተጋብር የሚባሉትን የፋርማኮሎጂ መሠረቶች ከዚህ ከአንድ መድኃኒት ታሪክ በተሻለ የሚያስተምር ሌላ አላውቅም። (ዓመቶቹና ቀኖቹ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በ1542 ጀርመናዊው ሐኪምና የዕፅዋት አጥኚ ሊዮንሃርት ፉክስ በትልቁ የዕፅዋት መጽሐፉ ውስጥ የዲጎክሲን ታሪክ የሚጀምርባትን ተክል ዲጂታሊስ ብሎ ሰየመ። ረጅም ዘንጓ ላይ ሐምራዊ አበቦች የሚደረደሩባት፣ በአውሮፓ ጫካ ዳርና በአጥር ሥር የምትበቅል ተክል ናት። የገጠሩ ሰው ለቁስልም፣ ለሳልም፣ ለሚጥል በሽታም ይሞክራት ነበር። መርዝ መሆኗንም አልሳተም። ለሁሉም የምትሞከር ተክል ለምን እንደምትጠቅም በትክክል የሚያውቅ ግን አልነበረም።

በ1707 ደግሞ በመካከለኛው እንግሊዝ፣ በሊችፊልድ ከተማ፣ ጆን ፍሎየር የሚባል ሐኪም ስለ ትርታ ሰዓት መጽሐፍ አሳተመ። እስከዚያ ዘመን ሐኪሞች ትርታን በጣታቸው ዳስሰው ጠንካራ፣ ደካማ፣ ፈጣን፣ ዝግተኛ ይሉ ነበር እንጂ መቁጠር ልማዳቸው አልነበረም። ፍሎየር ለአንድ ደቂቃ የምትሠራ ሰዓት አሠርቶ ምቱን በቁጥር መዝገብ ላይ ማስፈር ጀመረ። የተከተሉት ጥቂቶች ነበሩ፤ ሐሳቡ ግን በዚያው አካባቢ የሚያስፈልገውን ሰው ከጥቂት አሥርት ዓመታት በኋላ አገኘ።

ሰውየው ዊልያም ዊዘሪንግ ነው። በ1741 በሽሮፕሺር አውራጃ ተወለደ፣ በ1766 ከኤዲንብራ በሕክምና ተመረቀ፣ በስታፎርድ ከተማ ሥራ ጀመረ። በ1775 በኢራስመስ ዳርዊን፣ በኋላ በዝግመተ ለውጥ ጽንሰ ሐሳብ የታወቀው የቻርለስ ዳርዊን አያት በሆነው ሐኪም ምክር፣ ወደ በርሚንግሃም ተዛወረ። በዚሁ ዓመት አንድ የቤተሰብ መድኃኒት አሳይተው አስተያየቱን ጠየቁት። በሽሮፕሺር የምትኖር አንዲት አሮጊት በምስጢር ይዛው የኖረች ቅመም ሲሆን፣ ሐኪሞች ተስፋ የቆረጡባቸውን፣ ሰውነታቸው በውሃ ያበጠ ሰዎች አንዳንዴ ይፈውስ ነበር። ዊዘሪንግ የሴትየዋን ስም አልጻፈም። ዛሬ በብዙ መጻሕፍት «እማማ ኸተን» እየተባለች የምትጠራው፣ ከ150 ዓመት በኋላ አንድ የአሜሪካ መድኃኒት ኩባንያ ለማስታወቂያ ካሠራው ሥዕል ወዲህ ነው። ስሟ አለመመዝገቡ ይቆጨኛል፤ የዚህ ሁሉ መነሻ የእሷ ዕውቀት ነውና።

ቅመሙ ውስጥ 20 ወይም ከዚያ በላይ ዕፅዋት ነበሩ። የጠጣው ሰው ክፉኛ ያስመልሰዋል፣ ያስቀምጠዋል፤ ሰዎችም የሚያድነው ይህ ይመስላቸው ነበር። ዊዘሪንግ ግን ከሐኪምነቱ ሌላ የዕፅዋት ሊቅም ነበርና፣ ከመሐከላቸው ሥራውን የምትሠራው ዲጂታሊስ ብቻ መሆኗን ለመረዳት ጊዜ አልወሰደበትም። የሚሸናውን ውሃ የምታበዛውም እሷ ነበረች። ከብዙ ነገር ድብልቅ ውስጥ ሠሪውን ለይቶ ማውጣት የፋርማኮሎጂ የመጀመሪያው እርምጃ ነው፤ ዊዘሪንግ ይህን ያደረገው ቤተ ሙከራ በሌለበት ነው።

በዚያው ዓመት ታኅሣሥ 8 ቀን ያየው ታማሚ የመዝገቡ መጀመሪያ ሆነ። ዕድሜው 50 ገደማ የሚሆን፣ ቀድሞ ግንበኛ የነበረና በኋላ ድህነት ያጎሳቆለው ሰው ነው። ትንፋሹ አጥሯል፣ ፊቱ ከስቷል፣ ሆዱ ተነፍቷል። የቅጠሉን ፍል ሲጠጣ ብዙ ውሃ ሸና፣ ትንፋሹ ቀለለው፣ ሆዱ ጎደለ፤ በ10 ቀን ገደማም የምግብ ፍላጎቱ ተመለሰ።

ከባዱ ነገር የመጣው ከዚህ በኋላ ነው። ቅጠሉ እንደሚሠራ ታወቀ፤ ምን ያህል እንደሚሰጥ ግን አልታወቀም። ባሏን አስም ያስቸገረባት አንዲት የዮርክሺር ሴት አንድ ጭብጥ ሙሉ እርጥብ ቅጠል በጥቂት ውሃ ቀቅላ በአንድ ትንፋሽ አጠጣችው። ሰውየው ትውከቱ አልቆም አለ፣ ዓይኑ ፈዘዘበት፣ ትርታው ወደ 40 ወረደ፤ ለጥቂት ተረፈ። ዊዘሪንግ ይህን ታሪክ ሲመዘግብ ልብ ያለው፣ ሴትየዋ ቅጠሉን አውቃ ልኩን አለማወቋን ነው። እሱም ራሱ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ታማሚው እስኪያቅለሸልሸው መስጠት አለብኝ ብሎ ያምን ነበር። ቀስ በቀስ የተረዳው ማቅለሽለሹ የመርዙ መጀመሪያ መሆኑን፣ ከሁሉ የከፋው ደግሞ ምልክቱ ዘግይቶ መምጣቱን ነው። ዛሬ የተሰጠው ጉዳቱን ሳያሳይ ነገ ሌላ ይጨመርበታል፣ ከነገ ወዲያም ሌላ። ውሃው ሳይጎድል በላዩ የሚቀዳበት እንስራ መፍሰሱ አይቀርም። ዛሬ ነርሶች «ክምችት» ብለው የሚማሩትን ነገር ዊዘሪንግ ያየው በታማሚዎቹ ላይ ነው።

መፍትሔውን በሁለት በኩል ፈለገ። አንደኛው መድኃኒቱን አንድ ወጥ ማድረግ ነው። ሥሩ በየወቅቱ ኃይሉ ይለያያል፤ ፍል ደግሞ እንደ ቀቃዩ ነው። ስለዚህ ተክሏ ስታብብ የተለቀመውን ቅጠል አድርቆ፣ ፈጭቶ፣ መዝኖ መስጠት ጀመረ፤ ለአዋቂ ሰው ከ1 እስከ 3 ግሬን፣ በቀን ሁለት ጊዜ። አንድ ግሬን ወደ 65 ሚሊግራም ነው። ሁለተኛው በኩል ታማሚው ነው። መድኃኒቱ በኩላሊት፣ ወይም በጨጓራ፣ ወይም በትርታ፣ ወይም በአንጀት ላይ መሥራቱ እስኪታይ ይሰጥ፤ ከአራቱ አንዱ እንደታየ ይቁም አለ። እኔ በዚህ መድኃኒት ታሪክ ውስጥ ትልቁ ግኝት ይህ ነው እላለሁ። ልኩ የሚታወቀው ሚዛን ላይ ብቻ አይደለም፤ ታማሚው ላይም ጭምር ነው። ታማሚውን የሚያይ ሰው ከሌለ ደግሞ ትክክለኛ መጠን የሚባል ነገር የለም።

ሥራውን በ1785 በበርሚንግሃም ባሳተመው መጽሐፍ ይፋ አደረገ። ከ150 የሚበልጡ ታማሚዎቹን ታሪክ በየዓመቱ አሰለፈው፤ የዳኑትን ብቻ ሳይሆን ያልዳኑትንም፣ የሞቱትንም። የተሳካላቸውን መርጦ ቢያቀርብ ዝናው በበለጠ ነበር፣ እውነቱ ግን ይጎድል ነበር። መጠኑ ሲበዛ የሚታየውንም ዘረዘረ፤ ትውከት፣ ተቅማጥ፣ ማዞር፣ የዓይን መደናገር፣ ነገሮች ሁሉ ቢጫ ወይም አረንጓዴ ሆነው መታየት፣ ትርታ በደቂቃ እስከ 35 መውረድ፣ ቀዝቃዛ ላብ፣ መንዘፍዘፍ፣ ሞት። ዛሬ በማንኛውም የነርሲንግ መጽሐፍ ውስጥ «የዲጎክሲን መርዛማነት ምልክቶች» በሚለው ርዕስ ሥር ያለው ዝርዝር በአብዛኛው ይኸው ነው። ማበጡ ከልብ ድካም እንደሚመጣ በዘመኑ በግልጽ ባይታወቅም፣ ቅጠሏ በልብ እንቅስቃሴ ላይ በሌላ መድኃኒት ያልታየ ኃይል እንዳላት ጽፎ አለፈ። በ1799 ሳንባውን ታሞ ሞተ። በኤጅባስተን ቤተ ክርስቲያን ባለው መታሰቢያው ላይ የዚህችው ተክል አበባ ተቀርጿል።

የተከታዩ ምዕተ ዓመት መጀመሪያ አያኮራም። ሐኪሞች ማስጠንቀቂያውን ረስተው ቅጠሉን ለሳንባ ነቀርሳም ለትኩሳትም ማዘዝ ጀመሩ። ወደ ፊት የተራመዱት ኬሚስቶቹ ናቸው። በ1869 ፈረንሳዊው ናቲቬል ከቅጠሉ ውስጥ ክሪስታል አወጣ። በ1875 ኦስዋልድ ሽሚደበርግ በስትራስቡርግ ዲጂቶክሲንን ለየ። ይህ ሰው ፋርማኮሎጂን ራሱን የቻለ ሳይንስ አድርገው ካቆሙት ዋነኛው ነው፤ ከመላው ዓለም የመጡ ተማሪዎች በእሱ ቤተ ሙከራ ሠልጥነዋል።

በ1890 ደግሞ ጉዳዩ ወደ ነርሶች መጣ። በኒው ዮርክ ቤልቪው ሆስፒታል የሠለጠነችው ላቪኒያ ዶክ ለነርሶች የተዘጋጀ የመድኃኒት መማሪያ መጽሐፍ አሳተመች። እስከዚያ ድረስ ነርሷ ሐኪም ያዘዘውን ታቀብላለች እንጂ የምታቀብለው ነገር ምን እንደሚሠራ የማወቅ ግዴታ እንዳላት የሚያስብ ጥቂት ነበር። ዶክ ነርሷ መድኃኒቱን፣ መጠኑን፣ የመመረዝ ምልክቱን እንድታውቅ ፈለገች። መጽሐፏ ብዙ ጊዜ ታትሞ ለአንድ ትውልድ ነርሶች መማሪያ ሆነ። እሷም በኋላ ለዓለም አቀፉ የነርሶች ምክር ቤት መመሥረትና ለሴቶች የመምረጥ መብት የታገለች ሴት ናት። ስሟ በነርሲንግ ትምህርት ቤቶቻችን ከናይቲንጌል ጎን ሊነሳ የሚገባው ይመስለኛል።

ምቱ ለምን ደረት ላይ እንደሚቆጠር የታወቀው በ20ኛው ምዕተ ዓመት መጀመሪያ ነው። በርንሊ በምትባል የእንግሊዝ የፋብሪካ ከተማ ከ25 ዓመት በላይ የሠራው ጄምስ ማኬንዚ፣ የአንገትን ደም ሥርና የእጅ አንጓን ትርታ ጎን ለጎን በቀለም የሚስል መሣሪያ ሠርቶ፣ ቅጠሉ ከሁሉ በላይ የሚጠቅማቸው ልባቸው ሥርዓት አጥቶ የሚመታ ሰዎች መሆናቸውን አስተዋለ። በ1909 ቶማስ ሉዊስ በኤሌክትሮካርዲዮግራም አማካይነት የዚህን ችግር ምንነት አሳየ፤ የላይኛዎቹ የልብ ክፍሎች መኮማተራቸውን ትተው ይንቀጠቀጣሉ። እንዲህ ያለ ልብ ምቱ እኩል አይደለም። አንዱ ምት በቂ ደም ሳይሞላበት ስለሚመጣ እጅ አንጓ ሳይደርስ ይቀራል፤ አንጓው 80 ሲል ልቡ 110 ሊሆን ይችላል። ነርሷ ማዳመጫዋን በግራ አምስተኛውና ስድስተኛው የጎድን አጥንት መሐል፣ ከአንገት አጥንት አጋማሽ በታች የምታሳርፈውና ሙሉ 60 ሰከንድ የምትታገሰው ለዚህ ነው። ሥርዓት የሌለውን ምት 15 ሰከንድ ቆጥሮ ማባዛት ስህተቱን በ4 ማባዛት ነው። በእኛ አገር ይህ ተራ ነገር አይደለም። የሩማቲክ የልብ ሕመም የሚትራል ቫልቭ ጥበትና እንዲህ ያለ የምት መዛባት ያስከተለባቸው ወጣቶች በሆስፒታሎቻችን የልብ ክፍል ብዙ ናቸው። ዲጎክሲንና ሽንት የሚያበዛው ላዚክስም በካርዳቸው ላይ ጎን ለጎን ይገኛሉ።

ቅጠሉ አሁንም ወጥ አልነበረም። የየማሳው ኃይል ስለሚለያይ በእንቁራሪትና በድመት ላይ እየተለካ ነበር የሚሸጠው። በ1915 ኬሪ ኤግልስተን በታማሚው ክብደት ተሰልቶ የሚሰጥ የመነሻ ትልቅ መጠን አስተዋወቀ። መድኃኒቱ በራሱ ፍጥነት እስኪጠራቀም ብዙ ቀን ስለሚወስድ፣ ለቸኮለ ታማሚ መጀመሪያ ብዙ ሰጥቶ በኋላ በትንሹ መጠበቅ የሚለው ስልት ሥር የያዘው ከዚህ በኋላ ነው። በ1930 ሲድኒ ስሚዝ በበሮውስ ዌልካም ኩባንያ ከሌላዋ የዲጂታሊስ ዝርያ ዲጎክሲንን ለየ። ግምት ቀረ፤ ክኒኑ 0.25 ሚሊግራም ሆነ፣ ማለትም 250 ማይክሮግራም። ከዊዘሪንግ አንድ ግሬን ዱቄት ጋር ሲነጻጸር ክብደቱ ከ200 ጊዜ በላይ ያነሰ ነው። ከዚህ ጋር አዲስ አደጋም መጣ። ነጥቡ አንድ ቦታ ቢሸሽ መጠኑ 10 እጥፍ ይሆናል፤ በማይክሮግራም የሚታዘዝለት ጨቅላ ሕፃን ላይ ደግሞ ያ ስህተት ይገድላል። ከነጥብ በፊት ዜሮ ይጻፍ፣ ከሙሉ ቁጥር በኋላ ግን ነጥብና ዜሮ አይጨመር፣ የሕፃን መጠን በሁለት ነርስ ይሰላ የሚባለው ከዚህ የተነሳ ነው።

መድኃኒቱ ሰውነት ውስጥ ገብቶ ምን እንደሚነካ የታወቀው ከዊዘሪንግ መጽሐፍ 168 ዓመት በኋላ ነው። በ1953 የስዊስ ተመራማሪ ሃንስ ሻትስማን እነዚህ መድኃኒቶች በቀይ የደም ሕዋስ ላይ የሶዲየምና የፖታሲየምን ዝውውር እንደሚያግዱ አሳየ። በ1957 ዴንማርካዊው የንስ ስኩ ያን ዝውውር የሚያካሂደውን ኤንዛይም አገኘ። ኤንዛይሙ ከዚህ ዝውውር ጋር የተያያዘ መሆኑን ያረጋገጠው በኡዋባይን ነው። ኡዋባይን የዲጎክሲን ዘመድ ሲሆን፣ በአፍሪካ ቀንድ አዳኞች ቀስታቸውን ከሚቀቡበት የዛፍ መርዝ የተገኘ ነው፤ በአማርኛ መረንዝ የምንለው ዛፍም ከዚሁ ወገን ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ኤንዛይሙ እንደ ፓምፕ ሦስት ሶዲየም ከሕዋሱ ሲያወጣ ሁለት ፖታሲየም ያስገባል። ዲጎክሲን ሲያግደው ሶዲየም ውስጥ ይጠራቀማል፣ በዚህም ምክንያት ካልሲየም እንደ ልቡ መውጣት አይችልም፣ የተረፈው ካልሲየም ደግሞ የልቡን ጡንቻ አጠንክሮ ያኮማትረዋል። ዲጎክሲንና ፖታሲየም በዚህ ፓምፕ ላይ ይሻማሉ። ደም ውስጥ ያለው ፖታሲየም ሲያንስ ሜዳው ለዲጎክሲን ይለቀቃል፤ ትናንት ልክ የነበረው መጠን ዛሬ መርዝ ይሆናል። ይህ ዕውቀት የመጣው ሽንት የሚያበዙት የታያዛይድ ክኒኖች በ1950ዎቹ መጨረሻ ገበያ በገቡበት ጊዜ ነው። እነሱም ሆኑ ላዚክስ ከውሃው ጋር ፖታሲየምን ያስወጣሉ። ታማሚው ካስመለሰው ወይም ካስቀመጠው ደግሞ ይብስበታል።

በ1960ዎቹ መጨረሻ በኔዘርላንድ ፌነንዳል በምትባል ከተማ የደረሰው ነገር የዚህ ታሪክ በጣም አስተማሪው ክፍል ይመስለኛል። አንድ ክኒን ሲዘጋጅ 0.25 ሚሊግራም ዲጎክሲን መያዝ ሲገባው፣ በስህተት 0.20 ሚሊግራም ዲጂቶክሲንና 0.05 ሚሊግራም ዲጎክሲን ይዞ ወጣ። ድምሩ ያው ነው፣ ስሙም ለጆሮ ያው ሊመስል ይችላል። ሰውነት ግን ሁለቱን የሚያስወግደው በተለያየ መንገድ ነው። ኩላሊቱ ጤነኛ በሆነ ሰው የዲጎክሲን ግማሹ ከ36 እስከ 48 ሰዓት ባለው ጊዜ በሽንት ይወጣል። ዲጂቶክሲን በጉበት ላይ የተንጠለጠለ ስለሆነ ግማሹ ለመወገድ 7 ቀን ገደማ ይፈጅበታል። በየቀኑ የሚውጡት ሰዎች ሰውነት ውስጥ ተከመረ። ሐኪሞቹ በ1970 በብሪቲሽ ሜዲካል ጆርናል እንደዘገቡት 179 ሰዎች ተመረዙ፤ ከሞላ ጎደል ሁሉም ከባድ ድካምና የዓይን መዛባት ነበረባቸው። ዊዘሪንግ የጻፈው የዓይን መደናገር እንደገና ታየ፤ አብዛኞቹ ታማሚዎች አረጋውያን ስለነበሩ ግን ድካሙ የዕድሜ መምሰሉ አይቀርም።

ከዚህ በኋላ ያሉት ጥቂት ዓመታት ፈጣን ናቸው። በ1969 ቶማስ ስሚዝና ባልደረቦቹ ደም ውስጥ ያለውን ዲጎክሲን በናኖግራም የሚለካ ምርመራ አቀረቡ። በ1971 በዚሁ መለኪያ አማካይነት፣ መጠናቸው አንድ የሆነ ግን በተለያየ ፋብሪካ የተሠሩ ክኒኖች ደም ውስጥ የሚያስገቡት መጠን እስከ 7 እጥፍ እንደሚለያይ ታወቀ። ተቆጣጣሪዎች ክኒን ሆድ ውስጥ እንዴት እንደሚሟሟ በጥብቅ መከታተል የጀመሩት ከዚህ በኋላ ነው። በዚያው ዓመት በአሜሪካ ሆስፒታል ገብተው መድኃኒቱን ሲወስዱ ከነበሩ 135 ታማሚዎች 23 በመቶው በእርግጥ ተመርዘው መገኘታቸው ተዘገበ። ከአራት አንድ ሊሞላ ምንም ያህል አልቀረውም፤ ያውም በሆስፒታል ውስጥ፣ በባለሙያ እጅ። በ1976 ስሚዝና ጓደኞቹ ከመጠን በላይ ዲጎክሲን ለወሰደ ሰው መድኃኒቱን ከደም የሚለቅም የፀረ እንግዳ አካል ቁራጭ ሰጥተው አዳኑት። ዊዘሪንግ የነበረው አማራጭ ማቆምና መጠበቅ ብቻ ነበር፤ መመረዙ ማርከሻ ያገኘው ያን ጊዜ ነው። ይህ ማርከሻ ግን ዋጋው ውድ ነውና በብዙ አገር ሆስፒታል አይገኝም፤ እዚያ ማርከሻው ቀድማ የቆጠረችው ነርስ ናት።

በ1997 የንስ ስኩ ከ40 ዓመት በፊት ላገኘው ኤንዛይም የኖቤል ሽልማት ተሰጠው። በዚያው ዓመት በአሜሪካና በካናዳ 6800 የልብ ድካም ታማሚዎችን የተከታተለ ትልቅ ጥናት ውጤት ወጣ። ዲጎክሲን ሆስፒታል መተኛትን ቀነሰ፣ ሞትን ግን አልቀነሰም፣ አልጨመረም። በ2003 የዚያኑ ጥናት መረጃ እንደገና ያዩ ተመራማሪዎች ደማቸው ውስጥ ከ0.5 እስከ 0.8 ናኖግራም በሚሊ ሊትር የተገኘባቸው ወንዶች ሞታቸው አንሶ፣ ከ1.2 ጀምሮ ያሉት በዝቶ አገኙ። ለብዙ ዘመን እስከ 2 ድረስ ደህና ነው ይባል ነበር። መጠኑ እንደገና ዝቅ አለ፤ በእኔ አስተያየት ከ1785 ጀምሮ ሲሄድበት በነበረው አቅጣጫ።

በ2025 ደግሞ ያልተጠበቀው እንግዳ ዲጂቶክሲን ተመለሰ፤ ያው በፌነንዳል ሰዎችን ያሳመመው። በጀርመን፣ በኦስትሪያና በሰርቢያ ከ1200 በላይ ከባድ የልብ ድካም ታማሚዎች የተሳተፉበት ጥናት፣ ዲጂቶክሲን ሞትንና ለልብ ድካም ሆስፒታል መግባትን በድምር እንደሚቀንስ አሳየ። በሽንት ሳይሆን በጉበት መወገዱ፣ በዚያን ጊዜ አደጋ የነበረው ባሕርይ፣ ኩላሊታቸው ለደከመ ታማሚዎች ጥቅም ሆነ። መነሻው በቀን 0.07 ሚሊግራም ነበር። ደሙ የተለካውና መጠኑ የተስተካከለው ከ6 ሳምንት በኋላ ነው፤ ግማሹ በ7 ቀን የሚወገድ መድኃኒት ደም ውስጥ የሚረጋው እንዲህ ያለ አምስት ጊዜ፣ ማለትም 35 ቀን ያህል ሲያልፍ ነውና።